የወንዝ ዳር ዛፍ ጠባቂው ማን ነው?

ስለ አትባራ፣ ስለ ሰቲትና ስለ ራሃድ ዳርቻዎች ለሕዝብ የተሰጠ የትምህርት ንግግር



የዛሬው ትምህርት ከመተማ ማዶ ስላለው የሱዳን ምድር ነው። ገዳሪፍን ሁላችንም በስም እናውቀዋለን። ሰሊጥ ለማጨድ፣ ማሽላ ለማረም የወረደ ዘመድ ያለው በዚህ አዳራሽ ብዙ ነው፤ በስደት ያለፈበትም አይጠፋም። ወንዞቹን ግን፣ በተለይም የወንዞቹን ዳርቻ፣ ያየ እንጂ ያስተዋለ ጥቂት ነው። ዛሬ እንድታስተውሉልኝ የምለምናችሁ ያንን ዳርቻ ነው። በየዓመቱ እየተናደ ነው፤ ሲናድም የሚወስደው የሰው ማሳ፣ የሰው መንደር፣ የከብት ግጦሽ ነው። ዓመታቱን የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ስለሆነ እንዳያደናግራችሁ።

መጀመሪያ ወንዞቹን እንወቃቸው። ጓንግ ከጣና በስተ ሰሜን ምዕራብ፣ ከጭልጋ አካባቢ ተራሮች ተነሥቶ በመተማ ቆላ አልፎ ድንበር ይሻገራል፤ ማዶ ሲደርስ አትባራ ይባላል። ትልቁ አንገረብ ከጎንደር በስተ ሰሜን ወርዶ ሱዳን ሲገባ ባሕር አስ ሰላም ይሆናል፤ መጨረሻው እዚያው አትባራ ነው። ተከዜ ከላስታ ተራሮች ተነሥቶ፣ ስንቱን ገደል ዞሮ፣ ሑመራን አልፎ ሐምዳይት ላይ ሰቲት የሚል ስም ይዞ ይገባል፤ ሾዋክ አካባቢ ከአትባራ ጋር ይቀላቀላል። በውኃ ብዛት ከአትባራ ራሱ ተከዜ ይበልጣል። ሽንፋ ደግሞ ማዶ ራሃድ ሆኖ ወደ ዓባይ ይፈስሳል። እንግዲህ የገዳሪፍ ገበሬ ዳር ቆሞ የሚያየው ደፍራሽ ውኃ ከእኛ ደጅ የሄደ ውኃ ነው፤ ያደፈረሰውም የእኛ አፈር ነው።

የእነዚህ ወንዞች ጠባይ እንደ ባሮ ወይም እንደ ዓባይ አይደለም። በበጋ እጅግ ይጎድላሉ፤ ብዙዎቹም ይደርቃሉ። ራሃድና የላይኛው አትባራ የበጋውን ወራት ሁሉ አሸዋና ኩሬ ብቻ ሆነው ይከርማሉ። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር በ1861 በአትባራ ዳር በዱም ዘንባባ ጥላ ሥር ሰፍሮ ነበር። ወንዙ ደርቋል፤ ጉማሬውም አዞውም ዓሣውም በየኩሬው ታጭቋል። ጁን 23 ለ24 አጥቢያ ሌሊት ከሩቅ እንደ ነጎድጓድ ያለ ድምፅ ተሰማ። የአገሩ ሰዎች ወንዙ መጣ ብለው እየጮኹ ከአሸዋው ላይ ሮጡ። ሲነጋ ቤከር ያየው 450 ሜትር ያህል ስፋት፣ ከ5 እስከ 6 ሜትር ጥልቀት ያለው ወንዝ ነበር። የግብፅን ለም አፈር የተሸከመው ይህ ውኃ መሆኑን ያን ጊዜ ተረዳ። አትባራ ከናይል ዓመታዊ ውኃ ከአሥር አንድ እጅ በጥቂቱ ቢበልጥ ነው የሚያዋጣው፤ ከደለሉ ግን ወደ አራተኛው እጅ የሚጠጋው የእሱ ነው። ይህን ያህል አፈር በሦስትና በአራት ወር ውስጥ ነው የሚያልፈው።

አሁን ወደ ዳርቻው እንምጣ። ብዙ ሰው ዳርቻ የሚናደው ወንዙ ሲሞላ ይመስለዋል። በእርግጥ ሙላቱ ግርጌውን ይቦረቡራል። ይበልጡ ናዳ የሚመጣው ግን ወንዙ ሲጎድል ነው። በሙላት ጊዜ ውኃው ገደሉን ከፊት ደግፎ ይይዘዋል፤ ገደሉ ደግሞ ውኃ እየጠጣ ይከብዳል። ክረምቱ አልቆ ውኃው በጥቂት ቀናት ውስጥ ሲወርድ ድጋፉ ይሄዳል፤ የጠጣው ውኃ ግን ገና አልደረቀም። ያን ጊዜ ከነአጥሩ፣ ከነሽንኩርት መደቡ ዝርግፍ ይላል። የእነዚህ ወንዞች ችግር ደግሞ ፈጥነው ሞልተው ፈጥነው መጉደላቸው ነው።

ሌላው ምክንያት አፈሩ ነው። የገዳሪፍ ሜዳ ጥቁር ዋልካ ነው። በክረምት ያብጣል፤ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም ክንድ የሚያስገባ ይሆናል። የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ውኃው በላይ ከመፍሰሱ በፊት በስንጥቁ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ሜዳ መካከል ከሆነ አፈሩ አብጦ ስንጥቁን ይዘጋዋል፤ ጉዳት የለውም። ወንዝ ዳር ሲሆን ግን ለውኃው መውጫ አለው። ከገደሉ ወገብ ቀዳዳ አበጅቶ ይወጣል፣ ሲወጣም አፈር ይዞ ይወጣል። በሁለተኛው ዓመት ቀዳዳው ዋሻ ይሆናል፤ ከዚያ የዋሻው ጣራ ይወድቃል፤ የወደቀው ቦረቦር ይሆናል፤ ቦረቦሩም በየክረምቱ አፉን እያሰፋ ወደ ሜዳው፣ ወደ ማሳው ይገባል። ሱዳኖች ይህን ተቦርቡሮ ያለቀ ምድር ከሪብ ይሉታል። በአትባራ፣ በሰቲትና በራሃድ ግራ ቀኝ ከወንዙ ርቆ ሜዳውን እየበላ የሚሄድ ሰፊ ከሪብ አለ። ትራክተር አይገባበትም፣ ዝናብ አይቀርበትም፣ ከብትም በጭንቅ ነው የሚያልፍበት። አንዴ ከሪብ የሆነን መሬት በሰው ዕድሜ ውስጥ መልሶ ሜዳ ማድረግ የሚቻል አይመስለኝም። የሚቻለው አፉ ባለበት እንዲቆም ማድረግ ነው፤ ለዚህም ነው ዳርቻው የሚያሳስበኝ።

የታጠበው አፈር የት እንደሚገባ ኸሽም አል ጊርባ ይመሰክራል። ይህ ግድብ በአትባራ ላይ ተሠርቶ በ1964 አለቀ፤ አስዋን ሲገደብ አገራቸው በውኃ የተዋጠባቸው የዋዲ ሐልፋ ኑብያውያን በአዲሷ ሐልፋ ሰፍረው በመስኖ እንዲኖሩ ተብሎ ነው። ሲሠራ 1.3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ይይዝ ነበር። ጥቂት አሥርት ዓመታት ሳይሞሉ የመያዣው ግማሽ ያህል በደለል ተሞላ። ከ1970ዎቹ ወዲህ በሙላት ወራት በሩን ከፍተው ደለሉን ያጥባሉ፤ በታጠበ ቁጥር ወንዙ ጭቃ ስለሚሆን ዓሣው በብዛት ይሞታል። በቅርቡ ደግሞ ከሾዋክ በላይ ሩሜላና ቡርዳና የተባሉ መንትያ ግድቦች ተሠርተው በ2017 ተመርቀዋል። የጎንደር ሰው የከተማው የአንገረብ ግድብ እንዴት በደለል እንደተቸገረ ስለሚያውቅ ይህን ነገር ብዙ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ያ ትንሹ አንገረብ ወደ ጣና የሚወርድ ሌላ ወንዝ ነው፤ ደዌው ግን አንድ ነው።

ዳርቻው ሁልጊዜ እንዲህ የተራቆተ አልነበረም። ቤከር ያረፈበት የዱም ዘንባባ በአትባራ ዳር ረጅም መንገድ አብሮት የሚሄድ ነበር። በዝቅተኛው፣ ውኃ በሚተኛበት ቦታ ሱኑት ይበቅል ነበር፤ እኛ ጨባ የምንለው የግራር ዘር ነው። ከዚያ ከፍ ሲል ጠልሕ፣ ሐሻብ፣ ቁርቁራና ላሎብ የተባሉ ዛፎች ነበሩ። ለውጡ የጀመረው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ላለው ሠራዊት እህል ሲያስፈልግ የእንግሊዝ አስተዳደር በ1944 ገደማ በገዳሪፍ፣ ቀደንበሊያ በሚባለው ቦታ፣ በትራክተር የሚታረስ የማሽላ እርሻ አስጀመረ። በ1968 የትራክተር እርሻ ኮርፖሬሽን ተቋቋመ፤ የዓለም ባንክም ብድር ሰጠ። ከዚያ ወዲህ እርሻው ሚሊዮኖች ፌዳን ሸፈነ፤ ፌዳን የሱዳኖች የመሬት መለኪያ ነው። ጫካው ተነቅሎ ተቃጠለ፤ አርሶ የደከመውን መሬት ትቶ ወደ አዲሱ መሄድም ልማድ ሆነ።

እዚህ ላይ ፍርዴን ልናገር። የዳርቻው ጥፋት በተነሣ ቁጥር መጀመሪያ ጣት የሚቀሰርበት ማገዶ የሚለቅመው ስደተኛ ነው። ይህ ትክክል አይደለም። የ1989 የሱዳን የደን ሕግ በዝናብ የሚያርስ ባለ እርሻ ከመሬቱ ከመቶ 10 እጁን፣ በመስኖ የሚያርስ ከመቶ 5 እጁን በዛፍ እንዲሸፍን ያዝዝ ነበር። ያ ሕግ ቢፈጸም ኖሮ ገዳሪፍ ዛሬ ሌላ ምድር ነበር። አልተፈጸመም። በሺህ ፌዳን የሚቆጠር እርሻ ያለው ሰው አንድ መስመር ዛፍ ሳይተው፣ ሸክም ጭራሮ የተሸከመችውን እናት መክሰስ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ይህን ካልኩ በኋላ የስደተኛውን ነገር ልደብቀው አልፈልግም። ምሥራቅ ሱዳን ከ1967 ጀምሮ፣ መጀመሪያ ከኤርትራ ቀጥሎም ከኢትዮጵያ፣ ሰው ሲቀበል የኖረ ምድር ነው። ኡም ራኩባ በ1984 በረኀብ የተሰደዱ ወገኖቻችን፣ ቤተ እስራኤላውያንም ጭምር፣ የሰፈሩበትና ብዙዎች የሞቱበት ቦታ ነው። በኖቬምበር 2020 የትግራይ ጦርነት ሲነሣ ከ60 ሺህ በላይ ሰው አብዛኛው ሰቲትን ተሻግሮ በሐምዳይት ገባ፤ ያው ኡም ራኩባ እንደገና ተከፈተ፣ ቱናይድባ የተባለ ሰፈርም ተጨመረ። ኤፕሪል 2023 ደግሞ ሱዳን ራሷ በጦርነት ተናወጠች። በ2024 ክረምት ከስናር ግዛት የሸሸው ሕዝብ ወደ ገዳሪፍ ጎረፈ፤ ሌላው በመተማ በኩል ወደ እኛ መጣ። የኻርቱሙ የጃይሊ ነዳጅ ማጣሪያ ሲቆም የምድጃ ጋዝ ጠፋ፤ በጋዝ ያበስል የነበረው የከተማ ሰው ወደ ከሰልና ወደ እንጨት ተመለሰ። ይህ ሁሉ እሳት የሚነደው በቅርብ ካለው ዛፍ ነው፤ በደረቅ ወራት ለምለም ሆኖ የሚታየው ዛፍ ደግሞ የወንዝ ዳር ዛፍ ነው። እንጀራ በሦስት ጉልቻ ላይ ሲጋገር የሚበላውን እንጨት ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ማገዶ ቆጣቢዎቹ ምርጥ ምጣድና ላቀች ምድጃ ያልታሰቡበት የዛፍ ተከላ ከወዲያ ተክሎ ከወዲህ መቁረጥ ነው።

ምን እንትከል? የትስ? ገደል አፋፍ ላይ ረጅምና ከባድ ዛፍ መደርደር ስሕተት ነው። ቀጥ ብሎ በቆመ ገደል ጫፍ ላይ ያደገ ዛፍ ነፋስ ሲመታው ሥሩ እንደ ምሳር እጀታ አፈሩን ፈንቅሎ ይወድቃል። ግርጌው ላይ ሣርና ሸምበቆ ነው የሚያስፈልገው፤ ቀጫጭን ሥራቸው የላዩን አፈር ሰፍቶ ይይዛል፤ ሙላት ሲመጣ ጎንበስ ብለው ውኃውን ያዘገዩታል እንጂ አይነቀሉም። ተዳፋቱ ላይ ቁጥቋጦ ይሁን። ዛፉ ከአፋፉ ጥቂት ወደ ኋላ ይትከል፤ ሥሩ ወደ ታች ጠልቆ ገደሉን ይይዛል፣ በገደሉ ሆድ የቀረውንም ውኃ እየመጠጠ ክብደቱን ያቀልለታል። ዱም ዘንባባ በዚህ ቦታ ባለሟል ነው፤ ብዛት ያለው ሥር አለው፣ ቅጠሉም ለሰሌንና ለቅርጫት ስለሚፈለግ ሰው ይሳሳለታል። የሚያሳዝነው ዕድገቱ አዝጋሚ መሆኑ ነው፤ የዛሬ ልጅ ጎልማሳ ሲሆን ነው ለወግ የሚበቃው።

ውኃ በሚተኛበት ዝቅተኛ ቦታ ግን ሱኑትን የሚያህል የለም። ሥሩ በውኃ ተውጦ ወራት መቆየት ይችላል፤ ውኃው ሲሄድ ደግሞ ድርቁን ይቋቋማል። እንጨቱ ጽኑ ነው፤ ሱዳኖች በጥቁር ዓባይ ዳር ያለውን የሱኑት ደን የጠበቁትና ያለሙት ለባቡር ሐዲድ ሥር የሚሆን እንጨት እንዲሰጥ ነበር። ቅርፊቱና ዘር የሚይዘው ፍሬው ቆዳ ያለፋሉ፤ ፍሬው ለጉንፋንና ለሳልም ይታጠናል። ዘሩ ጠንካራ ሽፋን ስላለው እንዲሁ ቢዘሩት ይዘገያል። በሙቅ ውኃ ተነክሮ ማደር አለበት። ፍየል የበላችው ዘር ከጋጣ ተለቅሞ ሲዘራ ፈጥኖ እንደሚበቅል እረኞች ሁሉ ያውቃሉ። ፍየል ችግኙን ስትበላ ጠላት ናት፤ ዘሩን ስታዘጋጅ ግን ከማንም የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ አታንስም።

ከመትከልም በፊት የሚሠራ ሥራ አለ። የተቆረጠው ጠልሕና ሐሻብ ጉቶው ብዙ ጊዜ ሕያው ነው። ቢጠበቅ ያቆጠቁጣል፤ ሥሩ አስቀድሞ ጠልቆ የገባ ስለሆነ ከማንኛውም ችግኝ ቀድሞ ያድጋል። በወላይታ ሁምቦ ወረዳ ከ2006 ጀምሮ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ያገገመው በአብዛኛው እንዲህ ነው። ጉቶው ተጠበቀ፣ ከሚወጣው ብዙ ቡቃያ ጠንካራው ተመርጦ ሌላው ተገረዘ፣ ክፍት ቦታው ላይ ችግኝ ተጨመረ። ሰባት የገበሬ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ደኑን የመጠቀም መብት በሕግ አገኙ፤ ደኑ አምቆ ለያዘው ካርቦንም በዓለም ባንክ በኩል ገንዘብ ተከፈላቸው። ሁምቦን ያነሣሁት ስለ ገንዘቡ አይደለም። መብቱ መጀመሪያ መጥቶ ደኑ ተከተለ፤ ይህን ቅደም ተከተል ያዙልኝ።

መስኪት ስለሚባለው ዛፍ ሳልናገር ብቀር ደግሞ ትምህርቱ ጎደሎ ነው። እኛ ፕሮሶፒስ የምንለው፣ አፋርን ያስጨነቀው ያው ዛፍ ነው። ሱዳን የገባው በ1917 ነው። ድርቅ የሚችል፣ አሸዋ የሚያቆም፣ በቶሎ የሚያድግ ተብሎ በኋላ በከሰላና በአዲሷ ሐልፋ አካባቢ በብዛት ተተከለ። የተባለውን ሁሉ አደረገ፤ ከተባለው በላይም አደረገ። ከብቱ ፍሬውን እየበላ ዘሩን አዛመተው፤ የጋሽ ወንዝን ዳርቻ፣ የአትባራን ዳር፣ የመስኖ ቦዩን ሁሉ ወረረ። እሾሁ ከብት አያሳልፍም፣ ሥሩም እርሻ አያስነካም። በ1995 መንግሥት ይነቀል ብሎ ወሰነ፤ መንቀሉ ግን እንደ መትከሉ አልቀለለም። የዚያ ጊዜ ሰዎች ክፉ አስበው አልነበረም፤ ዛፍ የተባለ ሁሉ በጎ ነው ብለው ነው። ዛሬም ፈጥኖ ያድጋል የተባለ የሩቅ አገር ዛፍ ሲቀርብላችሁ የአገሩ ሱኑት፣ ቁርቁራና ሐሻብ ምን አጎደሉ ብላችሁ ጠይቁ። ሐሻብ እኮ ሙጫው ዓለምን የሚመግብ ዛፍ ነው፤ ለስላሳ መጠጡም ከረሜላውም መድኃኒቱም ይፈልገዋል፤ በዚህ ሙጫ ምርትም ሱዳን ከዓለም ቀዳሚ ናት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሻለሁ። ችግኝ መትከል ቀላል ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ለዓለም አሳይተናል፤ በጁላይ 29 ቀን 2019 በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቋል። ሕዝብ ሲጠራ ይወጣል፤ ይህ ትልቅ ሀብት ነው፣ እኔም ባየሁት ቁጥር ልቤ ይሞላል። ነገር ግን የገዳሪፍ ችግኝ ፈተናው በሐምሌ አይደለም። ከኅዳር እስከ ግንቦት ዝናብ የለም ማለት ይቻላል። ከመጋቢት በኋላ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ዋልካው ሲሰነጠቅ የችግኙን ሥር ይበጥሳል። ሣሩ ደርቆ እሳት ይነሣል። ግመሉና ፍየሉ ወደ ወንዙ ይወርዳሉ። ስለዚህ ቆጠራው በሐምሌ ሳይሆን በግንቦት ይሁን እላለሁ። ኬንያዊቷ ዋንጋሪ ማታይ በ1977 የአረንጓዴ ቀበቶ ንቅናቄን ስትጀምር ሴቶቹ ጥቂት ገንዘብ የሚያገኙት ለተከሉት ሳይሆን ለጸደቀው ችግኝ ነበር። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ ሥርዓቱ ግን ችግኙን የተከለችውን እናት ወደ ጠባቂነት አሸጋገራት።

ጠባቂነት ደግሞ ያለ ባለቤትነት አይሆንም። በራሃድና በአትባራ ዳር ውኃው ሲጎድል የሚቀረው እርጥብ ተዳፋት ጀሩፍ ይባላል፤ ሽንኩርቱ፣ ባሚያው፣ ሐብሐቡ የሚበቅልበት፣ ለድኻ ገበሬ ከማሽላው ማሳ ይልቅ ገንዘብ የሚያስገኝለት ቦታ ነው። እኛ ዛፍ ይተከልበት የምንለው ዳርቻ ይኸው ነው። ገበሬውን ጀሩፉን ተው፣ ዛፍ ትከል ብንለው በቀን እሺ ብሎ በሌሊት ይነቅለዋል፤ አልፈርድበትም። ዛፉና ጀሩፉ እንዲዋሐዱ ካልተደረገ ሥራው ከንቱ ነው። ግርጌው ለሣር፣ ተዳፋቱ በየመካከሉ ለአትክልት፣ አፋፉ ለዛፍ ቢሆን፣ የዛፉም ፍሬና ግርዝ እንጨት የዚያው ገበሬ እንደሆነ በጽሑፍ ቢሰጠው ጠላትነቱ ይቀራል።

እረኛውም አለ። ላሐዊን፣ ሹክሪያና ረሻይዳ የሚባሉት የግመልና የከብት ባለቤቶች በበጋ ወደ ወንዝ ይወርዳሉ፤ የትራክተር እርሻ ጥንታዊ መንገዳቸውን ዘግቶባቸዋል። ብዙ ቦረቦር የሚጀምረው ከብት ውኃ ሊጠጣ በሚወርድበት ዱካ ነው፤ ኮቴ ያላላውን ዝናብ ይዞት ይሄዳል። ዳርቻውን በሙሉ አጥሮ ዛፍ የተከለ ሰው አጥሩ ሲፈርስ ማማረር የለበትም። ማውረጃው ተመርጦ፣ በድንጋይ ተነጥፎ፣ ለእረኛው የእሱ መሆኑ ተነግሮት መተው አለበት፤ ያን ጊዜ የቀረውን ዳርቻ አብሮ ይጠብቃል።

ይህ ሕልም አይደለም። ከገዳሪፍ ከተማ ብዙም በማይርቀው የራዋሽዳ ደን የሱዳን የደን ኮርፖሬሽን በዙሪያው ያሉ መንደሮችን አስገብቶ ሞክሮታል። ገበሬው ከደኑ ውስጥ ቦታ ይሰጠዋል፤ ችግኙ መካከል ማሽላውን እየዘራ፣ አረሙን ሲያርም ለችግኙም ያርምለታል፤ ዛፉ ሲያድግ ይለቅቃል። በስደተኛ ሰፈሮች አካባቢም የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን ከዚሁ ኮርፖሬሽን ጋር ለብዙ ዓመታት ደን አስተክሏል፤ ችግኝ ያፈሉት፣ ጉድጓድ የቆፈሩት፣ ውኃ ያመላለሱት ስደተኞቹና የአካባቢው ሰዎች ናቸው። የጸደቀ አለ፣ የጠፋ አለ። የስደተኛው ጉዳይ ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ የቀን ሠራተኛ ሆኖ ይተክላል፣ ዛፉ ለመቆረጥ ሲደርስ ግን የመንግሥት ነው። ገረዛው፣ የወደቀው እንጨት፣ ሙጫው ለሰፈሩ ሰው በድርሻ ቢታሰብለት ኖሮ ማታ መጥረቢያ ይዞ የሚመጣውን የሚይዘው እሱ ራሱ ነበር።

መሬቱ የማን እንደሆነ በማይታወቅበት ቦታስ? አል ፋሽቃ የሚባለውን፣ በአትባራ፣ በሰቲትና በባሕር አስ ሰላም መካከል ያለውን ለም ምድር አስቡ። ኢትዮጵያና ሱዳን ስለሚወዛገቡበት ድንበር ለመናገር አልመጣሁም። ከዲሴምበር 2020 ወዲህ በዚያ የደረሰውን ግጭት ሁላችሁም ሰምታችኋል። እኔን የሚያሳስበኝ አንድ ነገር ነው፤ የሚመጣውን ዓመት አዝመራ ማን እንደሚሰበስብ የማያውቅ ሰው፣ ከየትኛውም ወገን ይሁን፣ በሦስት ወር የሚደርስ ሰሊጥ ይዘራል እንጂ ለእንጨት ለመድረስ ከ15 ዓመት በላይ የሚጠብቅ ሱኑት አይተክልም። በወንዙ ዳር ያለው ዛፍ ከሰላሙ ጋር አብሮ ነው የሚቆረጠው።

የእኛ ድርሻ ከላይ ነው። በአማራ ክልል በየዓመቱ በጥርና በየካቲት ሕዝቡ እርከን ይሠራል፣ ክትር ያበጃል፣ ተራራ ይከልላል። ይህ ሥራ ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው ደጋው ላይ ነው። ጓንግና ሽንፋ ወርደው ሜዳ የሚገቡበት የመተማና የቋራ ቆላ ግን ከ2003 ጀምሮ ብዙ ሰፋሪ የገባበት፣ ባለ ሀብትም በሰፊው የመነጠረው ምድር ነው። ሽመሉ፣ የዕጣን ዛፉ፣ የወንዝ ዳር ሾላው ሳያልቅ አሁን ነው መያዝ ያለበት፤ የገዳሪፍ ሰዎች 80 ዓመት የሄዱበትን መንገድ መጨረሻውን እያየን ከመጀመሪያው ልንሄድበት አይገባም። ወንዝ ዳር ግራ ቀኝ የማይታረስ መስመር በየቀበሌው ተለክቶ ቢከለል፣ መትከል ሳያስፈልገው በራሱ የሚበቅለው ብዙ ነው።

ነገ ለጓንግም ይሁን ለራሃድ ዳርቻ የችግኝ ገንዘብ የሚጠይቅ ዕቅድ በእጃችሁ ቢገባ የችግኙን ብዛት ትታችሁ የጠባቂው ደመወዝ ለስንት ዓመት እንደተያዘ ተመልከቱ። ለአንድ ክረምት ብቻ ከሆነ ይታረም ብላችሁ መልሱት። ለሦስት በጋ ከተያዘ የከብት ማውረጃው የት እንደሆነና እረኞቹ ስለ እሱ ተጠይቀው እንደሆነ እዩ። ከሦስተኛው በጋ በኋላ ፍሬው፣ ሙጫውና ግንዱ የማን እንደሚሆን የመንደሩ ሰው በተቀመጠበት ቃለ ጉባኤ ከተጻፈ ፈርሙበት።